የአንድ ቀን እንግዳ

በከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ይህ ጥያቄ ይደርሰዋል፦ «ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ምን ልይ?» ጠያቂው ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ለጉዳይ ከጎንደር ወይም ከጅማ ብቅ ያለ ወዳጅም ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። መልስ ለመስጠት ሲቀመጡ ግን ሰው የሚኖርበትን ከተማ ምን ያህል ሳያየው እንደሚኖር ይገለጥለታል። በየቀኑ በታክሲ መስኮት የምናልፈውን ሐውልት ማን እንዳቆመው፣ ለምን እንዳቆመው፣ ማንስ አውርዶት እንደነበረ የሚጠይቀን እንግዳ ነው።

እኔን ይህ ጥያቄ የደረሰኝ በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ነበር። የጠየቀችኝ የታላቅ እኅቴ ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ሠላሳ ዓመቷ ሲሆን የእናቷን አገር ስትረግጥ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ለሥራ ወደ ናይሮቢ ስትሄድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ሌላ አውሮፕላን ትጠብቃለች። «ጋሼ፣ አንድ ቀን አለኝ፤ አንተ ምረጥልኝ» አለችኝ በስልክ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች በምትናገረው አማርኛዋ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ሳላስብ ዘጠኝ ስም ጻፍኩ፦ እንጦጦ፣ ጊዮርጊስ፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ የየካቲት 12 ሐውልት፣ ቅድስት ሥላሴ፣ ለገሃር፣ ጣይቱ ሆቴል፣ መርካቶ። ዘጠኙን በአንድ ቀን ማዳረስ እንደማይቻል ግን ከዚያ በፊት በደረሰብኝ ነገር ዐውቀው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሐዋሳ የመጣ አንድ ወዳጄን ሰባት ቦታ በአንድ ቀን አዞርኩት። ቀኑ በመኪና መጨናነቅ አለቀ። ማታ እራት ላይ «ለመሆኑ ከሁሉ የቱ ደስ አለህ?» ብዬ ብጠይቀው ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «ያ አንበሳው ያለበት» አለኝ። አዲስ አበባ ደግሞ አንበሳ የሞላባት ከተማ ናት። ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት አንበሳ አለ፤ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት አንበሳ አለ፤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥም ደረጃ ላይ የተቀመጠ አንበሳ አለ። ወዳጄ የወደደው የትኛውን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሁሉን ያሳየሁት ሰው አንዱንም ሳያይ ሄደ።

ስለዚህ መምረጥ ግድ ሆነ። ለመምረጥ ደግሞ ሚዛን ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ በዕድሜ ልምረጥ አልኩ። በዕድሜ ከተመረጠ ብሔራዊ ሙዚየምን የሚቀድም የለም። ድንቅነሽ፣ ዓለም ሉሲ የሚላት፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የኖረ አጽሟ የሚገኘው እዚያ ነው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ የተገኘው የአጽሟ አርባ በመቶ ያህሉ ነው። ጎብኚው በመስታወት ውስጥ የሚያየው ግን ቅጂዋን ነው፤ እውነተኛው አጽም በዝግ ክፍል ይጠበቃል። በዚያ ላይ ድንቅነሽ ከ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ አሜሪካን ስትዞር ነበር። እንግዳዬ እርሷን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ባላስፈለጋትም፤ አያቲቱ ራሷ ልጅ ጥየቃ ሄዳላታለችና።

ቀጥሎ በከተማዋ ልደት ልምረጥ አልኩ። ይህ ሚዛን እንጦጦን ከፍ አደረገልኝ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸውን የቆረቆሩት እዚያ ተራራ ላይ ነበር። ተራራው ለጠላት አይመችም፤ ለነዋሪም አይመችም ነበር። ይበርዳል፣ ይነፍሳል፣ ማገዶውም እያለቀ ሄደ። ቆላ ብለው ሲመለከቱ ግን ከታች ፍል ውኃ ይጨሳል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱና ሠራዊቱ እየተከተሉ ወረዱ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የደፉት ግን እዚያው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው። እንግዲህ አዲስ አበባን የወለዷት የተራራው ብርድና የሸለቆው ፍል ውኃ ናቸው ማለት ይቻላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ሆኖም ለመውጣትና ለመውረድ ግማሽ ቀን ይበላል።

ሦስተኛው ሚዛን ክብር ሆነ። በክብር ከሄድን ገነተ ጽጌ ጊዮርጊስ አለ። ታቦቱ ወደ ዐድዋ የዘመተ፣ ከድሉ በኋላ ስምንት ማዕዘን ሆኖ የታነፀ፣ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉበት ካቴድራል ነው። በአጠገቡ ፈረሳቸውን ያስነሡት ምኒልክ አሉ። ይህ ሐውልት የተመረቀው በኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነበር። ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ ነቅለው ቀበሩት፤ ከነጻነት በኋላ ከአፈር ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ቆየሁ። ዝርዝሬ ውስጥ ያሉት ነገሮች አብዛኞቹ እንደ ሰው የተሰደዱ፣ የታሰሩ፣ የተቀበሩ መሆናቸውን ያን ጊዜ አስተዋልኩ። የምኒልክ ፈረስ ተቀብሮ ነበር። የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ በጣሊያኖች ሮም ተወስዶ ከሃያ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው የተመለሰው። በአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ ደግሞ ሌኒን ቆሞ ነበር፤ የሶሻሊስት አገር እንግዳ ሁሉ የሚያየው የክብር ቦታ ነበር፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከመቆሚያው ወረደ። መስቀል አደባባይ እንኳ ስሙን አጥቶ አብዮት አደባባይ ተብሎ ኖሮ ስሙን መልሶ አግኝቷል።

ልብ በሉ ወዳጆቼ፤ «በከተማችን የሚጎበኙ ቦታዎች» የምንለው ዝርዝር በየዘመኑ የሚጻፍና የሚፋቅ ዝርዝር ነው። የሚጽፈውም በአብዛኛው ወንበሩ ላይ ያለው ነው። ንጉሡ ሐውልት ያቆማል፣ ወራሪው ይቀብራል፣ የተመለሰው ያወጣል፣ አዲሱ ሹም ደግሞ የራሱን ይጨምራል። እኔ ሳላስብ የጻፍኳቸው ዘጠኝ ስሞች ከልጅነቴ ጀምሮ ሌሎች የጻፉልኝ ነበሩ። የራሴን እጅ ጽሑፍ አንድም አላገኘሁበትም። ያ ነገር ትንሽ ከነከነኝ፤ ግን አልተከተልኩትም። ለምን እንዳልተከተልኩት ኋላ እናገራለሁ።

በመጨረሻ የሚዛኑን ነገር ትቼ መንገድ መረጥኩ። በከተማዋ ዳርና ዳር ካሉ ሁለት ስመ ጥር ቦታዎች በአንድ ጎዳና ላይ ተከታትለው የሚገኙ አራት ቦታዎች ይሻላሉ ብዬ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ ያዝኩ። በእግር ይሄዱታል፤ መኪና አያስቸግርም፤ ጥላ አለው፤ ቡናም በየመንገዱ አይጠፋም።

ልጅቱ መጣች። ቦሌ ተቀብዬ ቤት ወሰድኳትና ፊቷን ታጥባ፣ እንጀራ ቀምሳ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ኪሎ ደረስን። አደባባዩ መካከል የየካቲት 12 ሐውልት ቆሟል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝብ በሰበሰበበት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ቆስሎ ተረፈ፤ ከተማዋ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ተጨፈጨፈች። ኢትዮጵያ ያስታወቀችው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ሐውልቱ ከዩጎዝላቪያ የተበረከተ ሲሆን የቀረጹት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። ልጅቱ በዙሪያው የተቀረጹትን ምስሎች እየዞረች አየች፤ በተለይ እናቶቹን። ምንም አልተናገረችም።

በበሩ ገባን። ያ ግራዚያኒ የቆሰለበት ቤተ መንግሥት ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ከሕንፃው ፊት የፋሺስት ዘመን ደረጃ አለ፤ ወደ ሰማይ ይወጣል እንጂ የትም አያደርስም። እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት ይቆጥራል ይባላል። ነጻነት ሲመለስ ደረጃው አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። «ይኼ በጣም ጎበዝ መልስ ነው» አለችና ሣቀች። ቀኑን ሙሉ ከልቧ ስትሥቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወደ ላይ ወጥተን የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አየን። ከዚያም የታኅሣሥ 1953ን ታሪክ ነገርኳት። ንጉሡ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ፤ መሳፍንቱንና ሚኒስትሮቹን በዚህ ግቢ አገቱ፤ ነገሩ ሲከሽፍባቸው አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ጥይት አርከፈከፉባቸው። ከሞቱት አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው፤ አምስት ዓመት በሸዋ ዱር ከጣሊያን ጋር ተዋግተው ያልሞቱት ሰው፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ሳሎን በወገን ጥይት ወደቁ። ንጉሡ ብዙ ሳይቆዩ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ።

ቁልቁል ወረድን። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተን ድንቅነሽን ተሳለምናት። ከዚያ አራት ኪሎ አልፈን ቅድስት ሥላሴ ገባን። የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌ መነንን የድንጋይ መቃብር፣ የሲልቪያ ፓንክረስትን መቃብር፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን መቃብር አሳየኋት። የጃንሆይ አጽም ሳይቀር እዚህ የደረሰው ከብዙ እንግልት በኋላ ነው፤ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞተው በቤተ መንግሥት ግቢ በስውር ተቀብረው ቆይተው በክብር ያረፉት በጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው።

ከዚያም ወደ ስልሳዎቹ መቃብር ሄድን። በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ያለ ፍርድ የረሸናቸው ሚኒስትሮች፣ መሳፍንትና ጄኔራሎች ናቸው፤ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከነርሱ መካከል ነበሩ። እዚያ ቆሜ ስናገር አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ቀኖቹን ለየብቻ ዐውቃቸው ነበር፤ ጎን ለጎን አድርጌያቸው ግን አላውቅም። ድንቅነሽ በአፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው በኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ! አዲስ አበባ ላይ ስልሳ ሰው በአንድ ጉድጓድ ተጥሎ ባደረበት ሌሊት ማግስት፣ አፋር በረሃ ላይ አንዲት የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ሴት ከአፈር ወጣች። አንዱ መሬት በአንድ እጁ ደበቀ፣ በሌላው እጁ ገለጠ። ሁለቱ ዛሬ በእግር የአጭር ጊዜ መንገድ ተራርቀው ይጎበኛሉ፤ አንድ ሌሊት እንደሚለያቸው ግን የሚናገር ያለ አይመስለኝም።

ይህንን ስነግራት በግኝቴ ኮርቼ ነበር። እርሷ ግን ስለ ድንቅነሽ አላሰበችም። የመቃብሩን ድንጋይ እያየች፣ «እነዚህ እንኳ በመጨረሻ መቃብር አገኙ። የእኛስ ጋሼ?» አለችኝ።

እንዳልገባኝ ሆንኩ። ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶግራፍ አሳየችኝ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጎፈሬው የተበጠረ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፊ የሆነ አንድ ጎረምሳ። ታላቅ ወንድሜ ነው።

እንግዲህ ያላወራሁትን ላውራ። እኛ ሦስት ነበርን፤ እርሱ የመጀመሪያው፣ እኅቴ ሁለተኛዋ፣ እኔ የመጨረሻው። በ1970 ዓ.ም. እርሱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሌሊት የታጠቁ ሰዎች መጥተው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ሬሳውንም መቃብሩንም አላየንም። በዚያ ዘመን በቀይ ሽብር ልጁ ለተገደለበት ሰው ማልቀስም ክልክል ነበር። የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ወላጆች እንደነበሩ ብዙዎች ይናገራሉ። እናታችን ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስታለቅስ አስታውሳለሁ። እኅቴ በ1973 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወጣች፤ ስትወጣ ከልብሷ ስፌት ውስጥ ሁለት ፎቶግራፎቹን ይዛ ነበር። ቤት የቀሩትን አባታችን አቃጠላቸው፤ በእነርሱ የተነሣ እኔም እንዳልወሰድ ፈርቶ ነው። ከዚያ በኋላ ስሙ በቤታችን አልተነሣም። እናታችንም አባታችንም ሳያነሡት ሞቱ።

«እማዬን ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች» አለች ልጅቱ። «አዲስ አበባ ሙዚየም እንዳለ አንብቤያለሁ። አንተ በላክልኝ ዝርዝር ውስጥ ግን የለም።»

እውነቷን ነው። አልነበረም። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መስቀል አደባባይ ዳር በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ በፊቱ አልፌያለሁ። በሩ ላይ የቆሙትን ሦስት ያዘኑ ሴቶች ሐውልት ከታክሲ መስኮት አየው ነበር፤ አንድ ቀን ግን አልወረድኩም። ዘጠኝ ስም ስጽፍ አሥረኛውን እጄ ዘለለው። ገዢዎች ዝርዝር ይጽፋሉ፣ ይፍቃሉ ብዬ ስፈላሰፍ ቆይቼ፣ የራሴን ፋቂ እጅ አላየሁም ነበር።

ላዳ ይዘን ወረድን። መግቢያ ክፍያ አልነበረውም፤ ለበጎ ፈቃድ መስጫ ሣጥን ነበር። ያስጎበኘን ሰው ራሱ በዚያ ዘመን ታስሮ የተረፈ ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እንደ ጎረቤት ነው የሚያወራው። ከ1966ቱ አብዮት ይጀምራል። ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ያለበትን ዘመን፣ ደርግ ሥልጣኑን የያዘበትን፣ ኢሕአፓና መኢሶን የተጣሉበትን፣ ነጭ ሽብርና ቀይ ሽብር የተባሉትን በቅደም ተከተል ያስረዳል። ከዚያ አንድ ነገር ይነግራል፦ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት የሰባበሩት ከዚህ በር ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ነው። በመስኮት ብንመለከት ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ባቡሩ በድልድዩ ላይ ያልፋል።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞች ያሉበት ነው። የራስ ቅሎች በመደርደሪያ ተሰልፈዋል። ልብስ አለ፣ ጫማ አለ፣ የታሰሩበት ገመድ አለ። ከአንድ ሰዓት በፊት ያየናት ድንቅነሽም አጽም ናት፤ እርሷን ግን በመደነቅ አይተን ፎቶግራፍ ተነሥተን ነበር የወጣነው። እዚህ ፎቶግራፍ ማንሣት አልታየንም። በአጽምና በአጽም መካከል ያለው ልዩነት ዓመቱ ይመስለኛል፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሲያልፍ ሞት ዕውቀት ይሆናል፤ አርባ ዓመት ግን ገና ነው፤ አርባ ዓመት ጫማውን ታውቀዋለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኔም ጫማዎቹን አንድ በአንድ አየሁ።

በመጨረሻ የፎቶግራፎቹ ግድግዳ ጋ ደረስን። ከወለል እስከ ጣሪያ የወጣቶች ፊት ነው። ብዙዎቹ ለመታወቂያ የተነሡት፣ ወይም በበዓል ቀን ፎቶ ቤት ሄደው አምረው የተነሡት የቤት ፎቶግራፍ ነው። ልጅቱ ስልኳን ከፍታ ረድፉን ከግራ ወደ ቀኝ ተከተለች። እኔ ከቀኝ ወደ ግራ ተከተልኩ። መካከል ላይ ተገናኘን። የለም።

«ለምን የለም?» አለችኝ።

«ማን አምጥቶት?» አልኳት። ሌላ መልስ አልነበረኝም። ግድግዳው ላይ ያሉት ልጆች እዚያ የደረሱት አንድ እናት ከሣጥኗ ሥር አውጥታ፣ አንድ እኅት ደረቷ ላይ ይዛ ስላመጣቻቸው ነው። የእኛን ደርግ ወሰደው፤ ግድግዳው ላይ እንዳይኖር ያደረግነው ግን እኛ ነን፤ መጀመሪያ በፍርሃት፣ ኋላ በልማድ።

አስጎብኚው ሰምቶን ኖሮ ቀረብ አለና ስሙን ጠየቀኝ። ከነአባቱ ስም ነገርኩት። በአርባ ዓመት ውስጥ የወንድሜን ስም ከቤት ውጪ ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰውየው አላወቀውም። ከማን ጋር እንደታሰረ፣ በየትኛው ወር እንደተወሰደ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር» አለ። ያን ቃል ስለ ወንድሜ ሲባል የሰማሁት እዚያ ነው።

ማታ ቦሌ ስሸኛት ስለ ቀኑ ብዙም አላወራንም። በሩ ላይ ሻንጣዋን ይዛ ቆመችና፣ «እማዬን ምን ልበላት?» አለችኝ። «ገብተናል በያት፤ እኔም ገብቻለሁ በያት» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። የከተማዋ ዝርዝርም ረዝሟል። በ2012 ዓ.ም. የምኒልክ ግቢ በሩን ከፍቶ አንድነት ፓርክ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ፓርክ ተከፈተ፤ የዚያው ዓመት መስቀል አደባባይም እንደ አዲስ ተሠርቶ ተመረቀ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዐድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። በ2017 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ቤት፣ ታድሶ ተከፈተ፤ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ሳያይ መሄድ ያሳዝናል። በአንጻሩ ደግሞ ከዝርዝሩ የወጡ አሉ፤ ከአሮጌው ፒያሳ ብዙው በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ለእንግዳ አሳየው የነበረ መንገድ ዛሬ በቃል ብቻ የምነግረው ሆኗል። መጻፉና መፋቁ አልቆመም።

ዛሬም ሰዎች «አንድ ቀን አለኝ፣ ምን ልይ?» ይሉኛል። መንገዱን እነግራቸዋለሁ፤ ከስድስት ኪሎ ጀምሩ፣ ቁልቁል ውረዱ፣ ከአራት ቦታ አትለፉ እላለሁ። ለመዝናናት ለመጣ ሰው ያ ይበቃዋል፤ መዝናናትም ነውር የለበትም። ሥሩ እዚህ የሆነ ሰው ከመጣ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ከቤታችሁ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ስሙ የማይነሣ አለ ወይ? አንዳንዱ የለም ይለኛል። አንዳንዱ ዝም ይላል። ዝም ካለው ጋር ከየት እንደምንጀምር ዐውቃለሁ።

የእኅቴን ነገር ልጨርስ። ልጇ ወደ አሜሪካ በተመለሰች በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ማታ፣ ስልክ ደወለች። ስለ ጤና ተጠያየቅን፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ዘመድ ወዳጁ። ሙዚየሙን አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁባትም። ልንሰነባበት ስንል ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንደው አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ከሁለቱ ፎቶግራፎች የትኛውን ልላክ? ጎፈሬውን የተበጠረበትን ነው ወይስ የሚሥቅበትን?»

የሚሥቅበትን አልኳት።

ቸር ይግጠመን።